ጸጉራሙን ኬክ አሳልፌ አልሰጥም

ከሁሉ አስቀድሜ ልንገራችሁና ይለይልኝ፤ ኬኩን ቸኮሌት ውስጥ የጣልኩት እኔ ነኝ። የአውስትራሊያ ገዢ ሠራተኛ አይደለችም፣ የአስመራ ጣሊያንም አይደለም። እኔ ነኝ፤ በእነዚህ በሁለት እጆቼ፣ አዲስ አበባ፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ በነበረ አንድ ኬክ ቤት፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። ምስክር ካስፈለገም ግራ ጉንጬ አለ፤ ያቺን የጋሽ ማሞን ጥፊ እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ጋሽ ማሞ የኬክ ቤቱ ባለቤት ነበሩ። አጭር፣ ቁጡ፣ ዳቦ ሲያርርባቸው የሚያለቅሱ ሰው። አንድ ቀን ያደረ ስፖንጅ ኬክ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ በትሪ ተደርድሮ ነበርና "ወደ ጓዳ መልሰው" ተባልኩ። አነሳሁት። ወለሉ ላይ ምን ፈሶ እንደነበር እግዜር ይወቀው፣ እግሬ አዳለጠኝና ኬኩ ከነትሪው ፈሳሽ ቸኮሌት ያለበት ድስት ውስጥ ገባ። ጥፊው ወዲያው ደረሰ። ከዚያ ጋሽ ማሞ ድስቱን ትኩር ብለው አዩት፤ ኬኩን አንድ በአንድ በሹካ እያወጡ፣ የበላተኛ እጅ እንዳያቆሽሽ ብለው ኮኮናት ላይ አንከባለሉት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አለቀ። በማግስቱ ደንበኛው ሁሉ "ያ ጸጉራሙ የለም እንዴ?" ይል ጀመር፤ ስሙ በዚያው ጸጉራሙ ሆኖ ቀረ።

አንድ ብልጥ አንባቢ "ጋሽ ማሞ ያን ሁሉ ኮኮናት ከየት አመጡት? ገና ሳይወድቅ ለምን ተዘጋጅቶ ጠበቀ?" ይለኝ ይሆናል። አልመልስም። ራሴንም ጠይቄው አላውቅም፣ ወደፊትም የመጠየቅ ሐሳብ የለኝም።

እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው ታዲያ ኬኩን በገዛ አፉ እንዴት ለሰው ይሰጣል? ይሉኝታ ነዋ! እኔ "አይ" የሚለው ቃል ከጉሮሮዬ የማይወጣ ሰው ነኝ። ትልቅ ሰው ሲናገር "ልክ ነዎት" እያልኩ ነው ያደግሁት። ሆላንድ፣ ሄግ ከተማ፣ ስኪልደርስዋይክ የሚባል ሰፈር ያለችው ጠባብ ቤቴ ውስጥ ሦስት የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ተደርድሯል። በር እያንኳኩ የመጡትን ሻጮች ባዶ እጃቸውን መሸኘት አሳፍሮኝ ነው። ምንጣፍ ግን የለኝም።

የምሠራው ስኬቨኒንገን፣ ባሕሩ ዳር ባለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ማዕድ ቤት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ድንች ልጫለሁ፣ ትሪ አጥቤያለሁ። ምድጃው ፊት የሚቆሙት ሌሎች ናቸው። አለቃችን ማሪያን የምትባል ሆላንዳዊት ናት፤ ክፉ ሰው አይደለችም። ብቻ እኔ ኬክ ጋጋሪ እንደነበርኩ ሳታውቅ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ማን ጠይቆኝ! እኛ ሳይጠየቁ ራስን ማሞገስ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው፤ እነሱ ደግሞ ካልነገርካቸው አይጠረጥሩም። በዚህ መሀል እኔና ድንቹ ተያይተን ቀረን።

እዚህ አገር በልደት ቀን ኬክ ይዞ የሚመጣው ራሱ ባለልደቱ ነው። የእኔ ልደት ጃንዋሪ አንድ ነው። የሰፈሬ ግማሽ ሐበሻ የተወለደው ጃንዋሪ አንድ ነው፤ ተሰደን ስንመጣ ቀናችንን በእነሱ አቆጣጠር መናገር ያቃተንን ሁሉ በዚያ ቀን መዝግበው ገላገሉን። በዓል ስለሆነ ማንም ልብ አይለውምና አሥር ዓመት አመለጥኩ። ባለፈው ጃንዋሪ ሁለት ግን ማሪያን በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ኬክህ የታለ?" አለችኝ።

"ነገ" አልኩና ማታውኑ ጸጉራሙን ጋገርኩ። ሁለት ትሪ። ከሃያ ዓመት በላይ አልነካሁትም ነበር፤ እጄ ግን ምንም አልረሳም።

ሠራተኛው በልቶ የተረፈው ሦስተኛ ፎቅ ላሉት አረጋውያን ወጣ። እዚያ እማማ ጆይስ አሉ። እንደዚህ የምጠራቸው እኔ ብቻ ነኝ። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አውስትራሊያዊት ናቸው፤ በወጣትነታቸው አንድ የሆላንድ መርከበኛ አግብተው መጡ፣ መርከበኛው ሞተ፣ እሳቸው ባሕሩን እያዩ ቀሩ። ከኬኩ አንዴ እንደገመጡ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

"ላሚንግተን!" አሉ። "የአገሬ ኬክ! ማነው የሠራው?"

ተጠርቼ ሄድኩ። "አይ እማማ፣ ይሄ የእኛ ነው" ማለት ነበረብኝ። እንባቸውን አየሁና "ልክ ነዎት" አልኩ።

"አውስትራሊያዊት ናት ያስተማረችህ?"

"አዎ።"

"ሚስዮናዊት ናት ወይስ ነርስ?"

ምርጫ ሰጡኝ እኮ! "ነርስ" አልኩ።

ከዚያ ታሪኩን ያወሩልኝ ጀመር። በዱሮ ጊዜ በአገራቸው ላሚንግተን የሚባል አንድ የእንግሊዝ ገዢ ነበር አሉ፤ ሠራተኛዋ ስፖንጅ ኬክ ቸኮሌት ውስጥ ጣለችበት፤ ከዚያ እጅ እንዳያቆሽሽ ኮኮናት ላይ አንከባለሉት። የራሴን ታሪክ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። የጎደለው ጥፊው ብቻ ነው። ራሴን እየነቀነቅሁ "ይገርማል" አልኩ።

ውሸት ተወልዶ ዝም ብሎ አይተኛም፤ ጡት ይጠይቃል። በማግስቱ እማማ ጆይስ የነርሷን ስም ጠየቁኝ፤ ሲስተር ማርጋሬት አልኩ። በሦስተኛው ቀን አድራሻዋን ጠየቁኝ፤ ደብዳቤ ሊጽፉላት። ምን ላድርግ? ገደልኳት። "ዐረፈች" አልኩ አቀርቅሬ። በአራተኛው ቀን ሦስተኛው ፎቅ በሙሉ የፈረመበት የሐዘን ካርድ ደረሰኝ። ማሪያን ትከሻዬን ይዛ "ለምን አልነገርከንም?" አለችና ግማሽ ቀን እረፍት ሰጠችኝ። ወጥቼ ባሕሩ ዳር ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ አዘንኩላት። ደግ ሴት ነበረች።

እዚህ ላይ ቢበቃኝ ምን ነበረበት! ቤት ያስቀረሁትን ኬክ ይዤ እሑድ ከልጄ ከሊያ ጋር ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን፣ ጋሽ ሀብቶም ቤት ሄድኩ። ጋሽ ሀብቶም ኤርትራዊ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ወደብ ላይ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። አማርኛውን አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ገብተው ነው የተማሩት፤ ከእኔ አሳምረው ይናገሩታል። ስደተኛ ጣቢያ ከገባሁባት ቀን ጀምሮ ደብዳቤዬን ያነበቡልኝ፣ ቤት ያፈላለጉልኝ ሰው ናቸው። እሳቸውን ማስቀየም ለእኔ አባትን ማስቀየም ነው።

ገመጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ይሄማ የአስመራ ነው!"

ሊያ አየችኝ። እኔ ጣራውን አየሁ። "ልክ ነዎት ጋሼ" አልኩ።

"በልጅነቴ የሠራሁበት ኬክ ቤት እኮ ነው የተጀመረው። ጣሊያኑ ኬክ ይዞ ሲሄድ አዳለጠውና ቸኮሌቱ ውስጥ..."

"ኮኮናት ላይ አንከባለሉት?"

"እንዴት አወቅህ?"

"ጋሽ ሀብቶም፣ አንተ ጣሊያኑ ሲጥለው በዓይንህ አይተሃል?" አለች ልጄ። አንተ! ሰባ አምስት ዓመት የሞላቸውን ሰው! እዚህ የተወለደ ልጅ አንቱታ አይገባውም፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ነገሩን ለማብረድ ቸኩዬ "ጋሼ፣ የእኛም ኬክ ቤት ባለቤት እኮ ከአስመራ የመጡ ናቸው" አልኩ።

"ማን ይባላል?"

"ተስፋይ።"

"ተስፋይ! ረጅሙ?"

ጋሽ ማሞ በሰማይ ቤት ይቅር ይበሉኝና "በጣም ረጅም" አልኩ።

"አውቀዋለሁ! የአክስቴ ልጅ ጎረቤት ነበር!" ብለው ሊያቅፉኝ ተነሡ።

ወደ ሄግ ስንመለስ ባቡር ውስጥ ሊያ ስልኳን ስትጎረጉር ቆየችና ሳቀች። "ፓፓ፣ አውስትራሊያዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም እኮ። አንዱ ከተማ የእኔ ነው ይላል፣ ሌላው የለም የእኔ ነው ይላል። ሠራተኛዋ አይደለችም፣ የገዢው ፈረንሳዊ ወጥ ቤት ነው የሚልም አለ። ጎረቤታቸው ኒውዚላንድ የእኛ ነው ብላ ነበር፤ በኋላ ነገሩ ቀልድ ሆኖ ተገኘ። ገዢው ደግሞ ኬኩን አይወደውም ነበር ይባላል። ዱስ፣ ያንተም ሊሆን ይችላል።" ይቺ "ዱስ" የምትላት የሆላንድ ቃል "ስለዚህ" ማለት ናት፤ ልጄ ያለ እሷ አረፍተ ነገር አትጨርስም። "አንተ ግን ለምን ለሁሉም አዎ ትላለህ? ኼዎን ኔ ዜኸን! በቃ አይ በል!"

ልጄ ቀላል አድርጋ ነው የተናገረችው። እኔ ግን ልቤ ደነደነ። ባለቤቶቹ ነን የሚሉት ሳይስማሙ፣ እኔ ጉንጬን ከፍዬበት ምን ሆኜ ነው የማስረክበው?

በወሩ ማሪያን ሰበሰበችን። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤተሰብ ይጋበዛል፣ ሠራተኛ ሁሉ የአገሩን ምግብ ያመጣል፤ በየምግቡ ፊት ስሙና አገሩ የተጻፈበት ካርድ ይቆማል። አረጋውያኑ አብልጠው የወደዱት ምግብ በየሳምንቱ ይሠራል፤ የሚሠራውም ያመጣው ሰው ነው። "ሐሙስ ሐሙስ ምድጃው የእሱ ነው" አለች እኔን እያየች። ረቡዕ ብትል ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር፤ ዕንቁላልና ቅቤ ያለበትን ኬክ በጾም ቀን ሳልቀምስ እንዴት እጋግራለሁ? ሐሙስ ስትል የእግዜር እጅ አለበት አልኩ። ከልቤ ነው የፈለግሁት። ከድንቹ ተነሥቼ ምድጃው ፊት መቆም፣ ነጭ ሽርጥ ማሰር፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የማውቀውን ሥራ በሃምሳ ስድስት ዓመቴ መሥራት አማረኝ።

ቀኑ ደረሰ። ሊያን ይዤ መጥቼ፣ አራት ትሪ ጸጉራም ደርድሬ ቆምኩ። በሩ ተከፈተና ጋሽ ሀብቶም ክራቫት አስረው ገቡ። እኔ እኮ "ይምጡ እንጂ ጋሼ" ያልኳቸው ለአፍ ያህል ነበር! ለአፍ ያህል ሲጠራ የሚመጣ ሰው አለ? መጡ፤ በባቡርና በትራም ተሳፍረው፣ ንጹሕ መሐረብ ኪሳቸው ላይ ሰክተው። ከኋላቸው አሳንሰሩ ተከፈተና እማማ ጆይስ በተሽከርካሪ ወንበር ወጡ፤ እጃቸው ላይ የአገራቸው ትንሽ ባንዲራ፣ ጉልበታቸው ላይ የታጠፈ ወረቀት። ለሲስተር ማርጋሬት መታሰቢያ የጻፉት ንግግር ነው አሉኝ። ማሪያን ወፍራም እስክሪብቶና ባዶ ካርድ ይዛ መጣች።

"ምን ብዬ ልጻፍ?"

"ላሚንግተን፣ አውስትራሊያ" አሉ እማማ ጆይስ።

ጋሽ ሀብቶም ጎንበስ ብለው እጅ ከነሡ በኋላ በወደብ እንግሊዝኛቸው "ይቅርታ እመቤቴ፤ ይህ ኬክ የአስመራ ነው። ጣሊያን ነው የጣለው" አሉ።

"የጣለችው ሠራተኛዋ ናት!"

"ጣሊያን ነው! የሠራሁበት ቤት ነው!"

"ባልደረባዎ ይመስክር፤ ነርሷ ናት ያስተማረችው!"

"የምን ነርስ? ያስተማረው ረጅሙ ተስፋይ ነው!" ወደ እኔ ዞሩና በአማርኛ "ንገራት እንጂ!" አሉኝ።

"ንገረው!" አሉ እማማ ጆይስ።

አዳራሹ በሙሉ እኔን አየኝ። ማሪያን ቸኩላለች፤ "ሁሉም የሚያውቀው ላሚንግተን ተብሎ ነው። እሱን ልጻፍና እንጨርስ፤ ሐሙስ ያንተ ነው። እሺ?" አለችኝ። አንዲት "እሺ" ብቻ! ዕድሜዬን ሙሉ ለሻጭ፣ ለጎረቤት፣ ለመንገደኛ ስበትናት የኖርኩ ቃል! አፌን ከፈትኩ፤ ጋሽ ማሞ መጡብኝ፣ ያቺ ድስት መጣችብኝ፣ ጉንጬ ጋለ።

"አይ" አልኩ።

ድምፄ ለራሴም አዲስ ሆነብኝ፤ ስለዚህ ደገምኩት። "አይ! ጸጉራሙ ነው። አዲስ አበባ። የጣልኩትም እኔ ነኝ።"

"ሲስተር ማርጋሬትስ?" አሉ እማማ ጆይስ።

"የለችም።"

"ሞታለች፣ እናውቃለን" አለች አንዷ ነርስ በሐዘኔታ።

"አልተወለደችም" አልኩ።

"ተስፋይስ?" አሉ ጋሽ ሀብቶም ቀስ ብለው።

"የለም ጋሼ። ስማቸው ማሞ ነው፤ አጭር ናቸው።"

"እኔ እኮ ለአክስቴ ልጅ ደውዬ ተስፋይ ተገኘ ብያለሁ!" አሉና መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። ከዚያ በሩን ከፍተው ወጡ። እማማ ጆይስ ወረቀታቸውን አራት ላይ አጥፈው "ወደ ክፍሌ ውሰዱኝ" አሉ። ማሪያን እስክሪብቶዋን ከደነች። "ስሙ ጸጉራም የሆነ ነገር አረጋውያን አይበሉልኝም። ላሚንግተን በል፣ አሁንም አልረፈደም" አለችኝ።

"ሞቼ ነው ቆሜ!" አልኩ በአማርኛ። በሆላንድኛ ደግሞ "ኔ" አልኩ። ሊያ ከጥግ አጨበጨበች፤ ብቻዋን።

ሰኞ ወደ ድንቼ ተመለስኩ። ጋሽ ሀብቶም ስልክ አያነሡም። ማሪያን አጭር አጭር ታወራኛለች። ድንቹን ስልጥ ሰከን ብዬ ለወጉ ያህል "ልክ አድርጌያለሁ" እላለሁ፤ ስልኬን ግን ደጋግሜ አያለሁ። አንድ "አይ" ብዬ ሁለት ሽማግሌ አስቀየምኩ፣ ሐሙስንም አጣሁ። የሐበሻ ልጅ አይ ሲል የሚያገኘው ይሄን ነው እያልኩ ልጣጩን ከነድንቹ ስጥል ሦስተኛ ፎቅ ተፈለግህ ተባልኩ።

እማማ ጆይስ መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። ይቅርታ ልጠይቅ ጎንበስ አልኩ።

"ዝም በል" አሉኝ። "ለሞተችው ነርስ አልቅሻለሁ። አይረሳልህም።"

"ልክ ነዎ..."

"ዝም በል አልኩህ! ስለ ኬኩ ደግሞ ተሳስተሃል። ላሚንግተን ነው።"

ምላሴን ነከስኩት። "አልተሳሳትኩም።"

"ተሳስተሃል!"

"አልተሳሳትኩም፣ እማማ! ጥፊውን የቀመስኩት እኔ ነኝ!"

አተኩረው አዩኝና ፊታቸው ፈካ። "እዚህ ቤት ስድስት ዓመት ኖርኩ" አሉ። "ሾርባው ቀዝቅዟል ስላቸው ያ ሜፍራው፣ አዎ እመቤቴ ይሉኛል። ባሕሩ ዛሬ ወደ ግራ ዞሯል ስላቸው ያ ሜፍራው ይሉኛል። አንተም እንደነሱ ነበርክ፤ እንደ ሕፃን ታባብለኝ ነበር። ቅዳሜ ዕለት የተከራከርከኝ ጊዜ ግን ተናድጄ ሌሊቱን ሙሉ መልስ ሳዘጋጅ አደርኩ። እንደዚያ ካደርኩ ስንት ዘመኔ!"

ለካ ያ ሁሉ ትሕትናዬ፣ ያ ሁሉ "ልክ ነዎት" ሴትዮዋን ከሰው ቁጥር አውጥቷቸው ነበር። አፈርኩ፤ ከነርሷ ውሸት የበለጠ በዚህ አፈርኩ።

ለማሪያን የነገሯት እሳቸው ናቸው፤ ሐሙስ ኬኩ ካልመጣ ምሳ አልበላም አሉ። ካርድ የለውም፣ ባንዲራ የለውም፣ ኬክ ብቻ ነው። ነጭ ሽርጥ አስሬ ጋገርኩ። በዚያው ሳምንት ጋሽ ሀብቶም ደወሉ። "ሐሙስ እመጣለሁ። ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ፤ ለሴትዮዋ የጣሊያኑን ነገር በደንብ ላስረዳት ነው" አሉኝ። እነሆ እስከ ዛሬ ሐሙስ ሐሙስ ሦስታችን መስኮቱ ጋ እንሟገታለን። ማንም ማንንም አላሳመነም፤ ኬኩ ግን ያልቃል።

ባለፈው ሐሙስ እማማ ጆይስ አልጋ ላይ ነበሩ። ደክመዋል። ጋሽ ሀብቶም ኮፍያቸውን አውልቀው ጥግ ቆሙ። እኔ ኬኩን ቆርሼ በጣቴ አጎረስኳቸው። በጣም ቀስ ብለው አላመጡና እጄን ያዙኝ።

"ለዛሬ ብቻ" አሉ። "አሮጊት ነኝ። አንዴ ላሚንግተን ነው በለኝ።"

ጋሽ ሀብቶም ዓይናቸው እንባ ሞልቶ "በላት እንጂ፣ ምናለበት" አሉኝ በአማርኛ። እናቴ ያሳደገችኝ አስተዳደግ በሙሉ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ። ዋጥኩት።

"አልልም፣ እማማ" አልኳቸው። "ጸጉራሙ ነው።"

አገጫቸው ላይ ኮኮናት እንደተለጠፈ ሳቁ፤ ሲያስላቸው ትራሱን ከፍ አደረግሁላቸው። "ግትር!" አሉኝ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። "ሐሙስ ና፤ መልሱን አገኝልሃለሁ።"